ከጭስ በላይ የተሠራ ቤት

እዚያ ከተማ ሰው አየሩን የሚያማው የብርዱ ወራት ሲገባ ነው። በዝናቡ ጊዜ ስለ ጭስ የሚያነሳ የለም፤ ዝናቡ ሰማዩንም ጣሪያውንም አጥቦ ጥላሸቱን በቦይ ይዞት ይወርዳል። ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ነፋሱ አለ፤ ከተራራ ተራራ እየተላጋ የጡብ ፋብሪካውን ጭስ ጠርጎ ለማናውቃቸው ሰዎች ያስረክባል። እነሱ ምን እንደሚሉን እንጃ። ብርዱ ሲገባ ግን ነፋሱ ይተኛል። ሌሊት ሌሊት ከተራሮቹ ላይ የሚንሸራተተው ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋበታል። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው፣ የዳቦ ቤቱና የየጓዳው ጭስ መሄጃ የለውም። ፀሐይ በርትታ ክዳኑን እስክትከፍተው፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ ሰው ጎረቤቱ የተነፈሰውን መልሶ ይተነፍሳል።

ቱንቢ የሚሉት ግንበኛ በዚህ አየር ነው ያደገው። ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት በሲባጎ የሚያንጠለጥሉት ብረት ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ረጅም፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ሌላ ምን ይባላል ትላለች። ከተማውም ወዲያው ተቀበላት። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ዛሬ የሚያስታውስ ቢኖር እሷው ብቻ ናት።

እሷን ደግሞ እትዬ መርፌ ይሏታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መሣሪያዋ ይወጋል። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ አዝላ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለሙያ ያበቃችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ደህና ባል መጥቶላት «ልጅ አለኝ፣ አይሆንም» ብላ መልሳዋለች ይባላል። ልጅ ያለችው ቱንቢን ነው። እሱ ይህን ያወቀው ካደገ በኋላ፣ ከሰው አፍ ነው፤ ካወቀው ቀን ጀምሮ ፊቷ ሲቀመጥ አንድ ያልተመለሰ ዕዳ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

እትዬ መርፌ በነጭ ሸሚዝ የሚያህላት አልነበረም። አስተማሪውም፣ ሙሽራውም፣ የሆቴሉ አስተናጋጅም ነጭ ሲፈልግ ፋብሪካው ጀርባ ካለችው ከዚያች አንድ ክፍል ደጃፍ ይቆማል። ኮሌታ ላይ ያላት እጅ ሌላ ነው፤ እሷ የሰፋችው ኮሌታ አንገት ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይተኛም። ችግሩ ነጭ ነገር በዚያ መንገድ ላይ መሥራቱ ነው። በብርዱ ወራት መስኮቷን ዘግታ፣ ጨርቁን በላስቲክ ሸፍና፣ ከመኪናዋ መርፌ ሥር የምታወጣው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጥላሸቱ የት በኩል እንደሚገባ ሰይጣን ይወቀው። ሸሚዙን ማጠብ ይቻላል፤ ሳንባን ግን ማን ያጥባል? መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ትስል ነበር። ቆይቶ ደረጃ ስትወጣ፣ ከዚያ ስትስቅ፣ በመጨረሻ ደግሞ ዝም ብላ ተቀምጣም መሳል ጀመረች። ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው ጀርባዋን ሲያዳምጥ ቆየና ቱንቢን ወደ ኮሪደር አወጣው። ሳንባዋ ደክሟል፣ ሌላ አንድ የብርድ ወራት እዚያ ክፍል ውስጥ ካሳለፈች አትተርፍም አለው። ንጹሕ አየር ያለበት ቦታ ፈልግላት፣ ከዚህ ጭስ አውጣት አለው። ቱንቢ እህቱን ከጭስ ለማውጣት የማላደርገው ነገር የለም ብሎ ማለ፤ የማለው ግን ለራሱ ነው፤ ጮክ ብሎ መማል አያውቅበትም።

ነገሩ የገጠመው በደህና ጊዜ ይመስል ነበር። ከተማው ስለ ጭሱ አቤት ሲል ከርሞ፣ ባለፋብሪካው አጭሩን ጭስ ማውጫ ከጣሪያዎች ሁሉ በላይ ሊያስረዝመው ወስኖ ነበር። ሥራው የተሰጠው ለቱንቢ ነው። ብርዱ አልፎ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ነፋሱ በሚነፍስበት ወራት፣ መወጣጫው እንደ ዕቃ ቤት መዝጊያ እየተንገጫገጨ፣ ጡብ በጡብ እየደራረበ ወጣ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ግንብ በዕድሜው አልሠራም። የመጨረሻውን ጡብ ያስቀመጠ ዕለት ጫፉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ፣ ከፊት ለፊቱ ካለው ተራራ ወገብ ላይ ሣር የለበሰች፣ ፀሐይ የሞላባት፣ ሜዳ መሳይ ቦታ አየ። ውሃ ልኩን፣ አግድሙን የሚለካበትን መሣሪያ፣ ጡቡ ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በላዩ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። ቦታዋ በከፍታ ከቆመበት ጋር አንድ ልክ ነበረች። ጭሱ የሚወጣው ከዚህ ነው፣ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፣ እዚያ ብሠራላት እሷ ከጭሱ ታመልጣለች፣ እኔም እዚህ በተሰቀልኩ ቁጥር መስኮቷን አያለሁ ብሎ አሰበ። ያ ሐሳብ ደስ አሰኘው። ግንበኛ ነውና ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለዋል።

እትዬ መርፌ ስትሰማ አልስማማም አለች። ደንበኞቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ ሠላሳ ዓይነት ወሬ የሚያልፍበት ደጃፏ ሁሉ እዚህ ታች ነው። «ቁመቴ አጠረብህና ነው ተራራ ላይ የምትሰቅለኝ?» አለችው። እሱ ግን በማግስቱ እዚያው ተራራ ላይ መሠረት ቆፈረ። በትርፍ ሰዓቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግድግዳ አቁሞ፣ ጣሪያ መትቶ፣ ለስፌት መኪናዋ ሰፊ መስኮት አውጥቶ ጨረሰው። ዝናቡ ሲጀምር ዕቃዋን አወጣላት። የድሮ ክፍሏን አንድ ጫማ ጠጋኝ ተከራየው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም ጥሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ዝናቡ አየሩን አጥቦት፣ ከዝናቡም በኋላ ነፋሱ እየጠረገው፣ እህቱ በዓይኑ ፊት ተመለሰች። ፊቷ ሞላ። መኪናዋን እየረገጠች ታንጎራጉራለች፤ ማንጎራጎር ለሳንባ በሽተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጨርቃቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ፤ እያለከለኩ ደርሰው እሷን ጤነኛ ሲያገኟት ይቀኑባታል። ቱንቢ ጠዋት ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆነ የሚሄደው በእረፍት ቀኑ፣ ምሳ ከበላ በኋላ ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጠው ከተማውን ቁልቁል እያዩ ሰው ያማሉ። እሱ እንኳ፣ ያ ዝምተኛው፣ ያን ጊዜ ወሬ ይዋጣለት ነበር።

ከዚያ ብርዱ ገባ።

ታች ያለው ሰው ጉድ አለ። ፋብሪካው ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርድ ወራት ጠዋት ፀሐይ ታየ። ጭሱ ከረጅሙ ጫፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ መንገዱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ደጃፉ ሁሉ ላይ ሰው እንደ ሰው ይተነፍሳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ቱንቢን መንገድ ላይ አቁማ ግንባሩን ሳመችው። ጫማ ጠጋኙ ጫማውን በነጻ ሰፋለት። ዕድሜ ለቱንቢ የማይል አልነበረም፤ እሱም እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ቢያልፍም፣ ሆዱ ውስጥ ሞቅ ይለው ነበር። ለከተማው ጭስ ማውጫ፣ ለእህቱ ቤት፣ ሁለቱንም ሠርቷል። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

እህቱ ጋ ሲወጣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ከምሳ በኋላ ነውና ፀሐይዋ ክዳኑን ከፍታዋለች፣ ጭሱም ወደ ላይ ተበትኗል። እህቱ ግን እንደ ዝናቡ ጊዜ አልነበረችም። መስኮቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ብርዱ ነው ትለዋለች። ጉንጯ ጎድሏል፤ ምግብ አልስማማ ብሎኝ ነው ትለዋለች። ሳሏ ተመልሷል፤ ወቅቱ ነው፣ ያልፋል ትለዋለች። አንድ ነገር ብቻ ገረመው። አንዲት ደንበኛዋ ለልጇ ሠርግ ነጭ ሸሚዝ ልታሰፋ መጥታ፣ እትዬ መርፌ ነጭ መስፋት ትቻለሁ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ካለሽ አምጪ ብላ መለሰቻት። ለእሱም ቃል የገባችለት ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ ስለ እሱም ትንፍሽ አላለች። ከፍ ስትይ ጊዜ ኮራሽ፣ የኛ ነጭ አልበቃሽም ብሎ ቀለደባት። ሳቀችለት፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠና እስኪበቃው አንገላታት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የቱንቢ ግን ዓይኑም ጭምር ነበር።

አንድ ጠዋት የፋብሪካው ፎርማን ጠራው። ጭስ ማውጫውን ጫፉ አጠገብ የሚያቅፈው የብረት ቀበቶ ላልቷል፣ ቡሎኑን ወጥተህ አጥብቅልን አለው። ምድጃው አይጠፋም፤ አንዴ ከበረደ ውስጡ ያለው ጡብ ሁሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቱንቢ ከሥሩ እሳቱ እየነደደ፣ በውጭ በኩል ባለው የብረት መሰላል ወጣ። በብርድ ወራት ጠዋት እዚያ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሲሠራው ነፋስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያወጣው ጉዳይ አልነበረም።

ቡሎኑን ይዞ ቀና ሲል ጭሱን አየው። ከጭስ ማውጫው አፍ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ነው። ከቱንቢ ራስ በላይ ጥቂት እንደሄደ ግን አንድ የማይታይ ጣሪያ እንደመታ ሁሉ ቆመ። ቆመና ጠፍጣፋ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ሥሩ ያለው ከተማ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከጭሱ በላይ ያለው የተራራው ጫፍም በፀሐይ ያብረቀርቃል። ጭሱ የያዘው መሀሉን ብቻ ነው። እንደ ተዘረጋ ጨርቅ እየሰፋ፣ ሳይቸኩል፣ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ተራራ ወገብ አመራ። ቱንቢ በዓይኑ ተከተለው። መሄጃውን ገና ሳይደርስበት አወቀው። ያን ዕለት በውሃ ልኩ ላይ አሻግሮ ያየው መስመር ነው።

የእህቱ ቤት ገና አልተሸፈነም ነበር። በሩ ተከፈተና ወጣች፤ ከሩቅ ትንሽ ሆና ትታያለች። የመስኮቱን ደፍ በጨርቅ ጠረገች። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ አነሳች። ከዚያ ወገቧን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ጭስ ማውጫው አዙራ ቆመች። የሚመጣውን አየችው። አልሮጠችም፣ አልደነገጠችም፤ ዝናብ ሲመጣ ዶሮዋን እንደምታስገባ ሴት በቀስታ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ያ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም፤ የለመደችው ነው። ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ደረሰ። መጀመሪያ ጣሪያው ጠፋ፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ፎርማኑ ከኋላው ሲጣራ ሰምቷል፤ አልዞረም። ዳገቱን ወደ ላይ ሲሮጥ አየሩ እየከበደው ሄደ፤ ግማሽ ላይ ዓይኑ ማልቀስ ጀመረ፣ ጉሮሮው ተቃጠለ። ቤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሠራ ከጭሱ በላይ ይሆን ነበር። ትንሽ ዝቅ ቢልም ከሥሩ ይሆን ነበር። ከዚህ ሁሉ ተራራ መርጦ፣ ለክቶ፣ እሷን ያስቀመጣት ጭሱ በሚተኛበት አልጋ ላይ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይሄን ነው።

በሩን ሲከፍት እትዬ መርፌ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እርጥብ ጨርቅ በአፍንጫዋ ይዛለች። የመስኮቱና የበሩ ክፍተት ሁሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተወትፏል። ቁርጥራጮቹ የነጭ ሸሚዝ ትራፊ ነበሩ፤ አሁን ግን ቀለማቸው የምድጃ አመድ ነው። ስታየው መጀመሪያ ያደረገችው ጨርቁን ከአፍንጫዋ አንስታ ከኋላዋ መደበቅ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ብርዱ ከገባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «ምን ብዬ ልንገርህ? እንዲያ ደስ ብሎህ የሠራኸውን ቤት... ደግሞ አንተ ስትመጣ ሁልጊዜ ሰማዩ ጥሩ ነው። ዝናቡ እስኪመጣ እችለዋለሁ ብዬ ነበር።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ነበር። ቱንቢ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበረከከ፤ እሷም ያለወትሮዋ ሳትከራከር ታዘለች። ልጅ ሳለ እሷ ስታዝለው እግሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ አልወርድም ይል ነበር። አሁን ተራው ሲደርስ የሚታዘል ሰው አልነበረም፤ አጥንትና ልብስ ብቻ ነው። እሷ ግን ጆሮው ሥር ሆና፣ «ቀስ በል፤ ዛሬ የተንጠለጠልኩት እኔ ነኝ» አለችው። ለመቀለድ የሚሆን ትንፋሽ ከየት እንዳገኘች እግዜር ይወቅ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጭሱ ከላያቸው ቀረ። ከተማው ገብተው ፋብሪካው ጀርባ ባለው መንገድ ሲያልፉ እትዬ መርፌ አንገቷን ቀና አደረገች። የድሮ ደጃፏ ላይ ጫማ ጠጋኙ በርጩማውን አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ይሠራል። መንገዱ ላይ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፤ የሚስል አንድም የለም። ይህን ሁሉ አየችና፣ «እዚህ በዚህ ሰዓት ፀሐይ አለ እንዴ?» አለች። ማንንም መውቀሷ አልነበረም፤ ገርሟት ነው። ቱንቢ ግን ያን ቃል እስኪሞት አይረሳውም። ባያወጣት ኖሮ ያን ጊዜ እዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ኮሌታ ትሰፋ ነበር።

እዚያው መንገድ ላይ ባለው የራሱ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አስተኛት። ሐኪሙ መጥቶ አዳመጣትና ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ። እሱም ከጭስ አውጣት ብሎ መክሮ ነበርና የሚያየው ቦታ ጠፋው። ቱንቢ ባለፋብሪካው ዘንድ ሄዶ ጠዋት ጠዋት እሳቱን ቀንሱልኝ፣ ካልሆነም ያን ግንብ ላሳጥረው ብሎ ለመነ። ባለፋብሪካው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦለት ሰማው። ሸለቆው ሁሉ እየመረቀን አፍርሰን ጭሱን ወደ ልጆቹ እንመልሰው ወይ፣ እዚያ ላይ ያለው አንድ ቤት ነው፣ እሱም ባዶ ነው አለው። እህቱም ስትሰማ ተቆጣችው። እኔ ወርጃለሁ አይደለም ወይ፣ አሁን ደግሞ የማንን ልጅ በሳል ልትፈጅ ነው አለችው።

ትንሽ ቀና ማለት ስትችል የስፌት መኪናዋን አስመጣች፤ ነጭ ጨርቅም ግዛልኝ አለችው። ተይ ቢላት እምቢ አለች። ጥቂት ትሰፋለች፣ ታርፋለች፣ ትስላለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ትጠርግና ጣቷን ወደ ብርሃኑ ይዛ ታየዋለች። ንጹሕ ነው። ለእሱም ታሳየዋለች። «ጥሩ ሠርተሃል፣ ቱንቢ» ትለዋለች። ከልቧ ነበር። ያ የጣቷ ንጽሕና ለእሱ ከስድብም ከእርግማንም የከበደ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ወይም ታውቅ ይሆናል፣ በመርፌ የሚወጋ ሰው በመርፌ ይጠግናልና።

የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ተክላ፣ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ አጣጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ሲነጋ አልነቃችም። ውጭው ነፋስ የሌለበት የብርድ ወራት ጠዋት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ።

ሲቀብሯት ከተማው በሙሉ መጣ። ከቀብር በኋላ ሰው ክፍሉን ሞልቶ፣ የተረፈው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ቱንቢ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ መሀላቸው አንገቱን ደፍቷል። ሰው ለማጽናናት የሚለውን አያጣም፤ ክፋት የለበትም፣ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። ዳቦ ጋጋሪዋ እንባዋን እየጠረገች፣ በርታ፣ ቢያንስ የመጨረሻ ቀኖቿን ንጹሕ አየር ተንፍሳ ነው የሄደችው አለችው። ጫማ ጠጋኙ ቀበል አድርጎ፣ ያም ያንተ ሥራ ነው፣ እጅህ ይባረክ አለ። ሌሎቹም ልክ ነው አሉ። በመስኮቱ በኩል ጭስ ማውጫው ይታያል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው።

እሱ ሁሉም እስኪሄዱ ያው በተቀመጠበት ቆየ። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀና መስኮቱ ጋ ወስዶ ኮሌታውን ገለጠው። በዚያ መንገድ ላይ፣ በብርዱ ወራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለብሶት ውሏል። አንዲት ቅንጣት ጥላሸት የለበትም፤ እሷ እንደሰፋችው ነጭ ነው።